የባሮክ ኦፔራ መድረክ በደብረ ብርሃን ማተሚያ ቤቶች፦ ሌዘር፣ ፕሎተር ወይስ ባነር?

ከማተሚያ ቤት ተጠቅልሎ የመጣ፣ የባሮክ ዘመንን (የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓን) የኦፔራ፣ ማለትም በዜማ የሚቀርብ ቴአትር፣ መድረክ የሚያሳይ የድሮ ህትመት ቅጂ ሲዘረጋ መጀመሪያ መታየት ያለበት ዓምዱ ወይም ተዋናዩ አይደለም፤ ሰማዩ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመዳብ ሰሌዳ ህትመት ውስጥ ግራጫ የሚባል ቀለም የለም። ያለው ጥቁር ቀለምና ነጭ ወረቀት ብቻ ሲሆን ግራጫ የሚመስለው ሁሉ ጎን ለጎን የተሰመረ ቀጭን መስመር ነው። የሰማዩ መስመሮች በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ የሚለዩ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። ተደባልቀው ጭጋግ ከሆኑ፣ ወይም በዋናው ህትመት ላይ የሌለ የውሃ ሞገድ የሚመስል ጥለት ካወጡ፣ የተከፈለው ገንዘብ ለወረቀት ብቻ ሆኗል ማለት ነው።

በዚህ መለኪያ የምንመዝነው በደብረ ብርሃን በብዛት የሚሰጡትን ሦስት አገልግሎቶች ነው፦ በኤ3 ወረቀት የሚያትመውን ሌዘር፣ ለኤ2 እና ለኤ1 የሚያገለግለውን፣ በጥቅል ወረቀት ላይ በፈሳሽ ቀለም የሚያትመውን ፕሎተር፣ እና ባነርን። የቤት ስም አናነሳም፤ ማሽንና ባለሙያ ከቤት ቤት፣ አንዳንዴም በአንዱ ቤት ውስጥ ከጠዋቱ ፈረቃ እስከ ማታው ይለያያል። ፍርዳችንን ግን እስከ መጨረሻው አናቆይም። በትክክል ከተዘጋጀ ፋይል ጋር ሌዘሩ ከሦስቱ አንደኛ ነው። ፕሎተሩ ይከተላል፣ ሆኖም ቤት መምረጥን ይጠይቃል። ባነሩ በተለመደው አሠራሩ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚሆንበት አንድ መንገድ አለ፣ እሱን ወደ ኋላ እናነሳዋለን።

ይህን ሥራ የሚፈልጉት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ ፐርስፔክቲቭ (በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ርቀትንና ጥልቀትን የማሳየት ስልት) የሚያስተምሩ የሥዕል መምህራንና ለትምህርት ቤት መድረክ ንድፍ የሚሹ የቴአትር ክበባት። ለሁለቱም ምርጫው ትክክለኛ ነው። የባሮክ ዘመን የኦፔራ መድረክ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ስለነበር እሳቱና እርጥበቱ አብዛኛውን በልቶታል፤ ያን መድረክ ዛሬ የምናውቀው በዋናነት በንድፎቹና በህትመቶቹ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋይሉ

በባለሱቁ ላይ ከሚጣለው ጥፋት ግማሹ የደንበኛው ነው። ስልክ ላይ ከታየ ገጽ ስክሪንሾት አንስቶ «በኤ2 አትምልኝ» ማለት ማሽኑን የሌለውን ነገር እንዲያወጣ መጠየቅ ነው። ምስሉን ከምንጩ አውርዱት። ኒው ዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት ያለቀባቸውን ሥራዎቹን ፎቶዎች፣ ሲጀምር ከ375,000 በላይ የሚሆኑ፣ ማንም ያለ ፈቃድ ጥያቄና ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ከፍቷል። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምም የህትመት ስብስቡን በከፍተኛ ጥራት በነፃ ለማውረድ ይሰጣል። ስሞቹን በላቲን ፊደል ፈልጉ፤ የመድረኩ ነዳፊ ስም ካላመጣላችሁ በቀራጩ ስም ሞክሩ። ሙዚየሞች ህትመትን ብዙ ጊዜ የሚመዘግቡት በመጀመሪያ ሰሌዳውን በቀረጸው ሰው ነውና የነዳፊው የቶሬሊ (Torelli) መድረክ በቀራጩ በኮሼን (Cochin) ስም፣ የነዳፊው የቡርናቺኒ (Burnacini) መድረክ በቀራጩ በኪውዘል (Küsel) ስም ተቀምጦ ይገኛል።

ካወረዳችሁ በኋላ ረጅሙን ጎን በፒክስል እዩና ሂሳቡን ሥሩ። 4000 ፒክስል ያለው ምስል በኤ3 ሙሉ ስፋት፣ ማለትም በ42 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 242 ነጥብ ይሰጣል። በኤ2 ወደ 171፣ በኤ1 ወደ 121 ይወርዳል። በ3 ሜትር ባነር ላይ 34 ብቻ ይቀራል። ለፎቶግራፍ 170 ሊያስኬድ ይችላል፤ ለመስመር ግን አያስኬድም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዋናው ህትመት 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት የሰማዩ መስመሮች በግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢሰመሩ በአንድ ረድፍ 800 መስመር ይገኛል። 4000 ፒክስል ለ800 መስመር ሲካፈል ለእያንዳንዱ መስመር ከነክፍተቱ 5 ፒክስል ይደርሰዋል። ይህ ደህና ነው። ከ3 ሲያንስ መስመሩ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ከ2 ሲያንስ ሞገዱ ይመጣል።

ስለዚህ በቴሌግራም ለማተሚያ ቤቱ መላክ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ፎቶ» ተብሎ የተላከ ምስል በተለመደው አላላክ ረጅም ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይጨመቃል። 1280 ለ800 ሲካፈል 1.6 ነው፤ ሰማዩ እዚያው ስልክ ውስጥ ሞቷል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፣ ወይም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሙያው ከተቀበለ በኋላም የፋይሉን መጠን በእሱ ኮምፒውተር ላይ አረጋግጡ።

ሌዘር፦ ለምን አንደኛ ሆነ

ሌዘር ማተሚያ ግራጫን አያውቅም። ግራጫ ሲሰጡት ጥቁር ነጥቦችን አራርቆ ወይም አጠጋግቶ ዓይንን ያታልላል። ከሙዚየሙ የወረደው ምስል ደግሞ የቢጫ ወረቀት ፎቶ ስለሆነ መስመሩ ራሱ ጥቁር ሳይሆን ጥቁር ግራጫ፣ ወረቀቱም ነጭ ሳይሆን ፈዛዛ ግራጫ ነው። እንዳለ ከታተመ ማሽኑ ሁሉንም ወደ ነጥብ ይፈጨዋል፣ የዓምዱ ጠርዝ እንደ እንጀራ ዓይን ይበሳሳል፣ ባዶው ወረቀት ላይም ቆሻሻ የመሰለ ርጭት ይወጣል። ብዙ ሰው «ማሽኑ አርጅቷል» የሚለው ይህን ነው። ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም።

መፍትሔው ፋይሉን ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርጎ መስጠት ነው። በነፃ በሚገኘው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም በጂምፕ (GIMP) ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ምስሉን ወደ ግሬይስኬል (ከጥቁር እስከ ነጭ ባለው ግራጫ ብቻ) ለውጡ። ከዚያ ብርሃንና ጥቁረትን በሚያስተካክለው በሌቭልስ የነጩን ጠቋሚ ወደ ግራ እየሳባችሁ የወረቀቱ ቢጫነት ሙሉ ነጭ እስኪሆን አምጡት። ቀጥሎ ምስሉን በ600 ነጥብ በኢንች ልክ አሳድጉት፤ ለሙሉ ኤ3 9921 በ7016 ፒክስል ነው። ማሳደጉ አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም፤ ጥቅሙ በሚቀጥለው እርምጃ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ እንዳይሆን ነው። መጨረሻ ላይ ትሬሾልድ (ከተመረጠው ቁጥር የጠቆረውን ሁሉ ጥቁር፣ የነጣውን ሁሉ ነጭ የሚያደርግ ትእዛዝ)፣ ከ140 አካባቢ ጀምሩ። ሳታሳድጉ ትሬሾልድ ያደረጋችሁ እንደሆነ እያንዳንዱ ሰያፍ መስመር መሰላል ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

ችግሩ አንዱ ቁጥር ለመላው ምስል አለመስማማቱ ነው። ይህን ለመረዳት ሰሌዳው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ቀራጩ መዳቡን አሲድ በማያልፈው ሰም ይሸፍንና በመርፌ ይስለዋል፤ ከዚያ አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቀራጭ ዣክ ካሎ ለስላሳውን ሰም ትቶ ክራር መሰል የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ጠንካራ ቫርኒሽ ወሰደ፤ ሰሌዳውንም ደጋግሞ ወደ አሲድ ይመልስ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሲድ ሲያወጣው የሩቁን ሕንፃና ሰማዩን በቫርኒሽ ይደፍናል፣ እዚያ መብላት ይቆማል። የቅርቡ ግን እንደገና ይገባል፣ ይጠልቃል፣ ይወፍራል። ፈረንሳዊው ቀራጭ አብርሃም ቦስ በ1645 ፓሪስ ላይ ባሳተመው መመሪያ ይህንኑ ዘዴ ለሌሎች አስፋፋው። የመድረክ ህትመት ጥልቀት የሚመስለው በፐርስፔክቲቩ ብቻ ሳይሆን በዚህ የመስመር ውፍረት ልዩነትም ነው።

እንግዲህ ትሬሾልዱ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ሩቁ ነው፤ የመድረኩ ዋና ትርዒት የሆነው የመጨረሻው ቅስትና ከኋላው ያለው አትክልት ቦታ። ሩቁ ከጠፋ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ። ከፍ ሲል ደግሞ የፊተኛው ዓምድ ጥልፍልፍ ሰረዝ ተሞልቶ ጥቁር ግድግዳ ይሆናል። ሁለቱን ለማስታረቅ ምስሉን በሁለት ንብርብር ቅዱት፦ አንዱን በ160 አካባቢ ለሩቁ፣ ሌላውን በ125 አካባቢ ለቅርቡ፤ ከዚያ የላይኛውን በማስክ (የንብርብሩን ክፍል ሳያጠፋ በሚሸፍን መሣሪያ) እየፋቃችሁ አገናኟቸው። ከመጽሐፍ የተነሳ ምስል ከሆነ በመጽሐፉ እጥፋት በኩል ጥላ ስላለ ያ ጎን ይጠቁራል፤ ከትሬሾልዱ በፊት ጥላውን ማንሳት ግድ ነው። በጄፔግ አታስቀምጡ፣ በፒኤንጂ ወይም ልኩን በያዘ ፒዲኤፍ ይሁን።

ማተሚያ ቤት ስትደርሱ አራት ነገር ጠይቁ። ቶነር (የማሽኑ የዱቄት ቀለም) ቆጣቢው ይጥፋ። ልኩ 100 በመቶ ይሁን፣ ማሽኑ ከገጹ ጋር እንዲያስማማ አይተውለት። ማሽኑ ባለ ቀለም ከሆነ በጥቁር ቶነር ብቻ ይታተም፤ አለዚያ ጥቁሩን ከአራት ቀለም ይቀላቅለውና ቀለሞቹ በጥቂቱ ሲዛነፉ መስመሩ ዳር ዳሩን ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። አራተኛው የወረቀት ዓይነት ነው። 80 ግራም ለሙከራ ይበቃል፤ ለሥራው 160 ግራም፣ የማያብረቀርቅ። ወፍራም ወረቀት ገብቶ ማሽኑ ግን ተራ ወረቀት ነው ብሎ ካሰበ ማሞቂያው ሮለር በቂ ሙቀት ሳይሰጠው ያልፋል፣ ቶነሩም በጥፍር ሲነካ ይራገፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከዳሩ ትንሽ አጥፋችሁ እሹት። ከተራገፈ «ወፍራም ወረቀት» የሚለውን መርጦ እንዲደግመው ጠይቁ።

የደብረ ብርሃን አየር በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። በክረምቱ ጉም የተከፈተ የወረቀት እሽግ እርጥበት ይጠጣል፤ ማሞቂያው ሮለር ውስጥ ሲያልፍ እርጥበቱ ከአንድ ፊት ቀድሞ ይወጣና ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ አንዳንዴም ማሽኑን ያንቃል። ከአዲስ እሽግ እንዲወጣላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ማሽኑ ገና ሲበራ ከማሳተምም ረፈድ ማለት ይሻላል።

ፕሎተር፦ የሠርግ ፎቶ ቤት ሳይሆን የፕላን ቤት

ኤ2 እና ኤ1 የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ቤት ያገኛል፦ የሠርግና የምርቃት ፎቶ የሚያሳድግና ለመሐንዲሶች የቤት ፕላን የሚያወጣ። ሳትጠራጠሩ ወደ ፕላን ቤቱ ሂዱ። የፎቶ ቤት ባለሙያ ዓይኑ የሰለጠነው ለቆዳ ቀለም ነው፤ ፋይሉን ሲያይ ማለስለስና ማድመቅ ይቀናዋል፣ ሁለቱም መስመርን ይገድላሉ። ፕላን የሚያወጣው ግን መስመር ሲቆረጥ ደንበኛ እንደሚመለስበት ያውቃል። ከተማዋ ውስጥ ግንባታ ስለማይቋረጥ እንዲህ ያለ ቤት ማግኘት አይቸግርም።

የፕሎተሩ ደካማ ጎን ቀለሙ ፈሳሽ መሆኑ ነው። ፕላን የሚታተምበት ተራ ጥቅል ወረቀት ላይ ቀለሙ በጭረቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሁለት ሰረዝ መካከል ያለችው ነጭ ክፍተት ትዘጋለች። ልባስ ያለው፣ የማያብረቀርቅ ወረቀት ካላቸው ጥቂት ጨምራችሁ እሱን ውሰዱ። ጥራቱ «ረቂቅ» ላይ እንዳይሆን፣ ቀለሙም ጥቁር ብቻ እንዲሆን ተናገሩ። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ህትመቱን ካቆመበት ማስቀጠል ጠባሳ ይተዋል፤ ከመጀመሪያው ይደገም ማለት መብታችሁ ነው፣ ይህን ግን ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።

ወጪ ለመቀነስ ኤ2ን በሁለት ኤ3 የሌዘር ገጽ ከፍሎ ማጣበቅም ይቻላል፤ ለግድግዳ የሚሆን ጥራት እንዲያውም የተሻለ ይወጣል። ሌዘሩ ከወረቀቱ ዳር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለማያትም መደራረቢያ 1 ሴንቲ ሜትር ተዉለት፤ መገጣጠሚያውንም ሰማይ ላይ አታድርጉ፣ በዓምድ ጠርዝ ላይ ይውደቅ።

ባነር

ባነር ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ለትምህርት ቤት መድረክ ጀርባ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረውም እሱ ነው። የፒቪሲው ጨርቅ ያብረቀርቃል፤ አምፖል ሲበራበት መድረኩ መሃል ላይ ነጭ ጉድጓድ ይታያል። የተጠቀለለበት ስብራትም በብርዱ በቀላሉ አይለቅም። ከዚህ የባሰው ግን የንድፍ ስህተት ነው። ህትመቱ የሚያሳየው መላውን መድረክ ነው፤ የፊተኞቹን የጎን ክንፎች (በመድረኩ ግራና ቀኝ የሚቆሙትን የተሳሉ ጠፍጣፋ ገጾች) ከነሰማዩ ከነወለሉ። መላውን በአንድ ጠፍጣፋ ባነር ላይ አውጥቶ ተዋናይ ፊቱ ማቆም ማለት መድረክ ውስጥ የመድረክ ፎቶ መስቀል ነው፤ ተዋናዩ ከሩቁ ቅስት ጎን ሲቆም ግዙፍ ይሆናል። ለጀርባ መጋረጃ የሚሆነው የህትመቱ መሃል ብቻ፣ ከመጨረሻዎቹ ክንፎች በኋላ ያለው ክፍል ነው።

ከላይ ያልነው ልዩ መንገድ ይህ ነው። መሃሉን ቁረጡ፣ በጥቁርና ነጭ አዘጋጁ፣ ከዚያ በነፃው የሥዕል ፕሮግራም በኢንክስኬፕ (Inkscape) ወደ ቬክተር፣ ማለትም በነጥብ ሳይሆን በመስመር ቅርጽ ወደሚቀመጥ ምስል፣ ለውጡት። ቬክተር በፒክስል ስለማይለካ በ3 ሜትርም ጠርዙ ስል ይሆናል። 40 ሴንቲ ሜትር የነበረ ምስል ወደ 3 ሜትር ሲያድግ 7.5 እጥፍ ነውና የ0.2 ሚሊ ሜትር መስመር 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከ5 ሜትር ርቀት ለተቀመጠ ተመልካች ሰረዞቹ ተመልሰው ጥላ ይሆናሉ። የማያብረቀርቅ ጨርቅ ካላቸው በእሱ ይታተም። ጊዜ ያለው ክበብ ግን ባነሩን ትቶ አቡጀዲ በሞራሌ ላይ ወጥሮ፣ ምስሉን በፕሮጀክተር ጥሎ ወይም 10 በ10 ካሬ አስምሮ በብሩሽ ቢስለው ርካሽም ውብም ነው።

የትኛውን ህትመት?

ለጀማሪ ቶሬሊ። ጃኮሞ ቶሬሊ በ1640ዎቹ ቬኒስ ውስጥ ቴአትሮ ኖቪሲሞ በተባለ ቴአትር ቤት የጎን ክንፎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚቀያይር ማሽን የሠራ ሰው ነው። ክንፎቹ በመድረኩ ወለል ሽንቁር በኩል ወደ ታች የሚወርድ ምሰሶ ነበራቸው፤ ምሰሶው ከወለሉ ሥር በሐዲድ ላይ በሚሄድ ጋሪ ላይ ይቆማል፣ ጋሪዎቹ ሁሉ በገመድ ከአንድ ማዕከላዊ ከበሮ ጋር ይያያዛሉ። ክብደት ሲለቀቅ ከበሮው ይዞራል፣ አሮጌዎቹ ክንፎች ሲወጡ አዲሶቹ ይገባሉ። ይህን ዓይነቱን ማሽን እንደቆመ ማየት የሚፈልግ ስዊድን ያለውን የድሮትኒንግሆልም ቴአትርና ቼክ ያለውን የቼስኪ ክሩምሎቭ ቴአትር ይመልከት። ቶሬሊ በ1645 ወደ ፓሪስ ሄዶ ያሳየው ላ ፊንታ ፓትሳ የተባለ ኦፔራ በኮሼን ተቀርጿል፤ ግራና ቀኙ እኩል፣ ክንፎቹ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ፣ መስመሩም ግልጽ ነው። ለማተምም ለመቁረጥም የሚመች ይህ ነው።

ቡርናቺኒ ሐምሌ 1668 ቪየና ላይ ለቀረበው ለሙዚቃ ደራሲው ለቼስቲ ኦፔራ ለኢል ፖሞ ዶሮ የነደፋቸው፣ ማቴዎስ ኪውዘል የቀረጻቸው ሰሌዳዎች ከ20 በላይ ናቸው። የሲኦል አፍ የተከፈተበት ትዕይንት ከሁሉም ይታወቃል፤ ተማሪም መጀመሪያ የሚመርጠው እሱን ነው። ነገር ግን ጥልፍልፍ ሰረዙ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ ሌዘር ላይ በቀላሉ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። በኤ3 ካተማችሁት ትሬሾልዱን ዝቅ አድርጉ፤ እሳቱ እንዲታይ ጥቂት ሰረዝ ማጣት ይሻላል።

የመድረክ ነዳፊ ቤተሰብ የሆኑት የቢቢየናዎች (Bibiena) ሥራዎች ለግድግዳ ናቸው። ፌርዲናንዶ ጋሊ ቢቢየና መድረኩን ከማዕዘን የማሳየትን ስልት በ1711 በፓርማ ባሳተመው የሥነ ሕንፃ መጽሐፉ አብራርቷል፤ ልጁ ጁዜፔ በ1740 በአውግስቡርግ ያሳተመው ስብስብ ደግሞ የዚህ ስልት ጣሪያ ነው። መጥፊያ ነጥቡ (ወደ ሩቅ የሚሄዱት መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ) መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከመድረኩ ውጪ ስለሚሸሽ ተመልካቹ ከየትኛውም ወንበር ቢቀመጥ ሕንፃው የሚያልቅ አይመስለውም። ለዚህ ኤ1 ይገባዋል። የካሎ የ1617ቱ የፍሎረንስ ህትመት፣ አዳራሹን ከነተመልካቹ ስለሚያሳይ፣ ለመምህር ወርቅ ነው፤ ሰዎቹ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆኑ የምታገኙትን ትልቁን ፋይል ይፈልጋል።

ቆርጦ ማቆም

የቶሬሊ ህትመት በኤ3 ሌዘር ታትሞ በካርቶን ሲቆም ከግድግዳ ሥዕል የበለጠ ያስተምራል። አምስት ጥንድ ክንፍና አንድ የጀርባ መጋረጃ ላለው ትዕይንት ስድስት ቅጂ ይቆረጣል፤ ሰባተኛው ሳይቆረጥ ለማመሳከሪያ ይቆያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ስድስቱንም በአንድ ልክ ማሳተም ላይ ነው። የህትመቱ የኋላ ክንፎች አስቀድመው ትንንሽ ሆነው ተስለዋል። በእውነተኛ ጥልቀት ወደ ኋላ ስታርቋቸው ዓይን እንደገና ያሳንሳቸዋል፤ ማነሱ ድርብ ይሆንና መጋረጃው የመስኮት ያህል ይቀራል።

ማካካሻው በሂሳብ ይገኛል። የፊተኛው ትዕይንት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ተመልካቹ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢቆም፣ ክንፎቹም በ2.5 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ የመጀመሪያው በ100 በመቶ፣ ሁለተኛው በ104፣ ሦስተኛው በ108፣ አራተኛው በ113፣ አምስተኛው በ117፣ መጋረጃው በ121 ይታተም። የ121ዱ ስፋት 36.3 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ኤ3 ላይ ይገባል። ለባለሙያው ስድስት የተለያዩ ፒዲኤፎችን ስጡት፤ «በዚህን ያህል በመቶ አሳድግልኝ» ማለት ለስህተት ይከፍታል። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ መጥፊያ ነጥቡን በትንሽ መስቀል ምልክት አድርጉ። ሲቆሙ ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ ከፍታና በአንድ መስመር ካልዋሉ ዓምዶቹ ይሰባበራሉ። የክንፎቹ ግርጌ ወደ ኋላ እየሄደ ከፍ ይላል፤ ወለሉን በዚያው ሽቅብ አዘንብሉት፣ የዘመኑ መድረክም ወለሉ ዘንበል ያለ ነበር።

ካርቶኑ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ውሃ ያለበት ኮላ ወረቀቱን ያሳብጠውና ሲደርቅ ካርቶኑን ይጎትተዋል፤ በቪናቪል ከለጠፋችሁ ከጀርባው እኩል ውፍረት ያለው ባዶ ወረቀት ለጥፋችሁ መጎተቱን አመጣጥኑ፣ ከባድ ነገር ጭናችሁበት ይደር። የኋለኛው ክንፍ በፊተኛው የተሸፈነ ክፍሉ ህትመቱ ላይ የለም። በውጪው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ባዶ ካርቶን ትርፍ ተዉና የኮርኒሱን መስመር በብዕር ቀጥሉት፤ ካልቀጠላችሁት ራሱን ትንሽ ያዘነበለ ተመልካች ክፍተቱን ያያል። ትዕይንት እንዲቀያየር ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ስፍራ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ሽንቁር፣ በጠቅላላው 20፣ በወለሉ ላይ ቅደዱ። ካልፈለጋችሁ ሁለቱን ክንፎች ከላይኛው የደመና መጋረጃ ጋር በአንድ ቅስት ብትቆርጡ ራሱን ችሎ ይቆማል።

ጥቂት ነገር ህትመቱን አትመኑት። ጥላው ከአንድ ጎን እንደሚመጣ ተደርጎ ይሳላል፤ በእውነቱ ግን መድረኩ የሚበራው ከክንፎቹ ጀርባና ከመድረኩ ፊት ባሉ መብራቶች ነበር፣ የጥላው ውሳኔ የቀራጩ ነው። ሰዎቹ ሕንፃው እንዲገዝፍ ተቀንሰው ይሳላሉ። ደመና ላይ የተቀመጡት አማልክት ገመድ የላቸውም። ግራና ቀኙም ሊገለበጥ ይችላል፣ ሰሌዳ ሲታተም እንደ መስታወት ስለሚያዞር። ከታች ያለው ጽሑፍ በትክክል መነበቡ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀራጩ ጽሑፉን ገልብጦ መጻፍ ያውቅበታል።

ፍሬም ለሚያሠራ፣ መስታወቱ ህትመቱን እንዳይነካ ቀጭን የካርቶን ዳርቻ መሃል ይግባ፤ የሌዘር ቶነር በእርጥበትና በሙቀት መስታወት ላይ ይጣበቃል። ላሚኔሽን አንመክርም፣ ብልጭታው ቀጫጭኑን መስመር ያጠፋዋል። ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ እነዋሪ የሚወስድ ሰው ኤ1ን አጥፎ ሳይሆን የታተመውን ፊት ወደ ውጪ አድርጎ በሰፊ የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ይጠቅልለው፤ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ሲዘረጋ ጠርዞቹ ወደ ተመልካቹ ይነሳሉ። በክረምት ሁለቱን ጫፍ በፌስታል ይሰር፣ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ከእሱ ጋር ይግባ።